ስልሳ ጊዜ የወጣው ዕጣ

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፴፰

ዛሬም ቀብር። የጎረቤቴ የአደይ ምጽላል የልጅ ልጅ፣ ያቺ የወተት ጥርሷ ገና መነቀል የጀመረላት ሕፃን፣ ንጋት ላይ ዐረፈች። ተስቦ ነው። ትናንት በሚካኤል እንኳ "ላብ ወጥቷታል፣ ትድናለች" ብለውን ነበር።

ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አደይ ምጽላል ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ ተነሣች። "ተስቦ አትበሉኝ። ልጄን የበላቻት ለተ ናት። ማሰሮ ልትሸጥልኝ መጥታ፣ 'እንዴት ታምራለች' ብላ ዐይኗን ጣለችባት" አለች። ማንም "ተይ" አላላትም። እኔም አላልኳትም።

ለተ ሸክላ ሠሪ ናት። ከሰፈራችን ጫፍ፣ መራመድ ከማትችል አሮጊት እናቷ ጋር ትኖራለች። ሸክላ የሚሠራ ቡዳ ነው ይላሉ፤ በእኔም አገር በወሎ እንዲሁ ነው የሚሉት። በደኅናው ቀን ማሰሮዋን እየገዙ ያሟታል። ክፉ ቀን ሲመጣ ሐሜቱ ክስ ይሆናል።

የሰፈሩ ሽማግሌ ባሻይ ሐጎስ ነገሩን ቆረጠው። በሚመጣው ዓርብ፣ የጽዮን ማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩ ዳዕሮ በሚሉት ዋርካ ሥር ይሰበሰባል። ሰው የሞተበት ሁሉ ይመሰክራል። ከዚያ ለተ ከነእናቷ ከሰፈር ትወጣለች፣ ወይም ትቀመጣለች። "ትቀመጣለች" የሚለውን ለአፉ ያህል ነው ያለው።

ወደ እኔም ዞረ። "አያ ተክሌ፣ አንተ የሚዛን ሰው ነህ፤ ቃልህ ይከብዳል። ብርኽቲ ከመታመሟ በፊት ከለተ ገዝታ አልነበረም?"

ገዝታ ነበር። አንገቴን ደፋሁ። እሱ እንደ እሺታ ቆጠረው።

እውነቱን ልጻፍ። ልመሰክር እፈልጋለሁ። ሚስቴ ብርኽቲ ከሞተች ጀምሮ የምከሰው አጥቼ ነበር፤ ዛሬ አንድ ስም ሰጡኝ። "እግዜር ወሰዳት" ከማለት "እገሊት በላቻት" ማለት እንዴት ይቀላል! አምላኬ ይቅር በለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፬

እህል የምመዝንበት መጋዘን ዋልኩ። ከራያ የመጣ ማሽላ ስንመዝን አንዱ ጆንያ ከጓደኞቹ ጎደለ። አዲሱ ጸሐፊ "ይኸው ሌብነት!" ብሎ በነጋዴው በሰይድ ላይ ጮኸ። ሰይድ የወሎ እስላም ነው፣ የአገሬ ልጅ። ነገር በሣቅ ማብረድ ያውቅበታል። "ጋሼ ተክሌ፣ ማሽላውም እንደ እኔ በመንገድ ከስቶ ነው" አለኝ።

ለጸሐፊው እንደ ልማዴ ነገርኩት። ጎደለ ብለህ አትጩህ፣ መጀመሪያ ሌሎቹን መዝን። ከአንድ አውድማ በአንድ እጅ የተሞላ ጆንያ እንኳ አንዱ ካንዱ አይተካከልም። ያለ ሌባ፣ እንዲሁ በራሱ፣ ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንደሚል ካላወቅህ የጎደለው ይሰረቅ አይሰረቅ በምን ታውቃለህ? ሌሎቹን መዘንናቸው። የሰይድ ጆንያ ከወንድሞቹ ልማድ አልወጣም። ጸሐፊው አኮረፈ፤ ሰይድ ምርቃቱን አወረደው።

ወደ ቤቴ ስመለስ የራሴው ቃል እንደ እሾህ ወጋኝ። ለጆንያ የምፈርደውን ያህል ለሰው አልፈርድም? ከለተ ገዝተው የታመሙትን ሁሉም በጣቱ ይቆጥራል። ገዝተው ያልታመሙትስ? ሳይገዙ የታመሙትስ? ደኅና ያደረ ቤት ለቅሶ የለውም፣ ስለዚህ ማንም አያስበውም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፭

ጾመ ነቢያት ገባ። "ጾሙን የበረከት ያድርግልን" እያልኩ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሰፈራችን አርባ ቤት ነው። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅሁ። ከክረምት ወዲህ ከለተ ሸክላ ገዝታችኋል? ተስቦ ገብቶባችኋል?

ገና ሳልጨርስ የሚራገም አለ። አንዲት ሴት "እኔ? ከእሷ? ስሟንም አላነሣ!" ብላ ማለችልኝ፤ የለተ ድስት ከኋላዋ ምድጃ ላይ ይፈላል። ከገዙት ጋር ጨመርኳት። ፈርታ ነው፣ አልፈረድኩባትም።

ያገኘሁት ይህ ነው።
የገዙ፣ ሃያ ቤት። ተስቦ የገባባቸው ዐሥሩ።
ያልገዙ፣ ሃያ ቤት። ተስቦ የገባባቸው ስድስቱ።

ዐሥርና ስድስት! ደሜ ፈላ። "ብርኽቲዬ፣ አገኘሁልሽ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ በባዶ ቤት። ለዓርብ የምናገረውን ሁሉ በልቤ ደረደርኩ። ደስ አለኝ ብል ሐሰት አይደለም፤ ክፉ ደስታ።

እንጀራዬን በሽሮ ስበላ ግን ያ ጆንያ ተመልሶ መጣ። ለተ ምንም የሌለባት ብትሆንስ? ተስቦው ሸክላ ሳይመርጥ እንዳገኘ ቢገባስ? ያን ጊዜ የግድ ስምንት ስምንት ሆኖ ይካፈላል? ወይስ እንዲሁ ከፍ ዝቅ ሲል ዐሥርና ስድስትም ሊመጣ ይችላል? አላውቅም። ይህን እስካላውቅ ድረስ ዐሥሩ ቤት ምስክር አይሆነኝም።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፮

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ነገር ሞከርኩ። ከቤት ካለው እህል አርባ ፍሬ ሽምብራ ለየሁ። ዐሥራ ስድስቱ ጥቁር፣ የቀሩት ቀይ። አንድ ፍሬ አንድ ቤት ነው፤ ጥቁሩ ተስቦ የገባበት። ቅል ውስጥ ጨምሬ አናወጥኩና ዐይኔን ጨፍኜ ሃያ አወጣሁ። እነዚህ የገዙት ይሁኑ አልኩ። ሽምብራ ሸክላ አይገዛም፣ ቡዳም አይበላውም። የሚወጣው እንዳጋጠመ ነው።

ሰባት ጥቁር። መልሼ አናወጥኩ። ዘጠኝ። ስምንት። ስምንት። ስድስት። ከዚያ ዐሥራ አንድ! ደነገጥኩ። ሽምብራው ከለተ ብሶ በላ።

ለእያንዳንዱ መውጣት በየቁጥሩ ፊት አንድ ጠጠር መሬት ላይ አኖርኩ። ስልሳ ጊዜ ሳወጣ ጠጠሮቹ ምን እንደመሰሉ ላስቀምጥ። ከጆንያ የፈሰሰ እህል እንዴት ይከመራል? መካከሉ ከፍ ይላል፣ ወደ ዳር ወደ ዳር ይሳሳል። እንደዚያ። ስምንት ዙሪያ ተቆለለ፤ አራትና ዐሥራ ሁለት ላይ ጠጠር ጠፋ ማለት ይቻላል። ዐሥርና ከዚያ በላይ የወጣው ዐሥራ አንድ ጊዜ ነው። ከስድስቱ አንዱ ያህል።

እንግዲህ አንዲት ንጹሕ ሴት፣ ምንም ሳታደርግ፣ ከስድስት አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስባት ይችላል። ለተ ንጹሕ ናት አላልኩም፤ ሽምብራው ይህን አይናገርም። ግን ሰውን ከነእናቱ ከቤቱ ለማውጣት ይህ ይበቃል?

በዚህ መካከል አደይ ምጽላል እሳት ልትጭር መጣች። በሩ ክፍት ነበር። ዐይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ቅል ውስጥ ከትቼ አገኘችኝ።

"ወደይ፣ ልጄ፣ ዕጣ እያወጣህ ነው?"

"አዎ፣ እንደ ዕጣ ነው" አልኳት ሳላስብ።

"ስለ ለተ?"

"ስለ እሷ ነው፣ ግን..."

ወደ ጠጠሮቹ ጎንበስ አለች። "ጥቁሩ ምንድን ነው?" የታመሙት ናቸው አልኳት። በዚያች ደቂቃ እጄ ላይ የነበረው ጥቁር ዐሥር ነበር። ቆጠረችው። አማተበች። እሳቱን ረስታ ሄደች።

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፯

ምን አደረግሁ!

ገበያው ሁሉ አውቋል። "አያ ተክሌ ጾሞ ጸልዮ ዕጣ ጣለ፤ ዕጣው ለተ ላይ ወጣ።" ሰይድ ከጨው ተራ ሲያየኝ እንደ ወትሮው አልሣቀም። "ጋሼ፣ ጠንቋይ ሆኑ አሉ። ለእኔም የጠፋብኝን በቅሎ ቢያዩልኝ" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሸክላዋን ረግጠው ሰባበሩባት" አለኝ።

ሄጄ አየሁ። የለተ መቀመጫ ባዶ ነው። ስብርባሪው መሬት ላይ ነው፤ ሰው እየዞረው ያልፋል፣ እግሩ እንዳይነካው።

ባሻይ ሐጎስ ከሰው መካከል ጠርቶ አቀፈኝ። "ሐዋርያትም ዐሥራ ሁለተኛውን በዕጣ ነው የለዩት። ጥሩ አድርገሃል።"

"ባሻይ፣ ማናት ብዬ አልጠየቅሁም። ማንም ጥፋተኛ ሳይኖር ነገሩ በራሱ ስንት ሊደርስ እንደሚችል ነው ያየሁት።"

"እግዚአብሔርን ስንት ጊዜ ጠየቅኸው?"

"ስልሳ ጊዜ አወጣሁ።"

"ስልሳ!" አለ። ዙሪያችን የቆሙት ሣቁ። "አንታ፣ አንዴ ቢጠየቅ ይበቃው ነበር። አሰለቸኸው እኮ!"

ዕጣ ሲባል እዚህ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ አምላክ እጅህን ይዞ ይመርጣል። እኔ ቅሉን ስጨብጥ ይህን እንዴት ረሳሁ? መመስከር አልፈልግም ብዬ እንኳ አሁን አይረባም። ሳልመሰክር መስክሬአለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፰

ጠዋት የነፍስ አባቴ ቀሺ ኪዳነ ዘንድ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኛል። ሳልቀመጥ "ዕጣ የሚጣለው አምላክ እንዲመርጥ ነው። አንተ ምረጥልኝ ብለኸው ነበር?" አለኝ።

"የለም አባ። ማንም ባይመርጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ነው።"

መቁጠሪያውን በጣቱ አንከባለለ። "ማንም ባይመርጥ..." ብሎ ደገመው። "ይህን ለሰው እንደ እሱ አድርገህ አትናገር። ለእኔም ከብዶኛል።" አልገሠጸኝም። ቢገሥጸኝ ይሻል ነበር። እስካሁን የያዘኝ ይኸው ነው። የራስ ጠጉራችንን የሚቆጥር አምላክ እያለ፣ እኔ ማንም የማይመርጥበትን ዓለም በቅል ውስጥ ሠርቼ ተመለከትኩ። ኃጢአት ነው? ወይስ ሰው በሐሰት እንዳይወነጀል እሱ ራሱ የሰጠኝ መንገድ ነው?

ከሰዓት በኋላ ለተ ቤት ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ ግባ አላለችኝም። እናቷ ከውስጥ "መን እዩ?" ስትል "ዕጣ ጣዩ ነው" ብላ መለሰችላት።

ይቅርታ አልኩ። "ስብርባሪዬን ስልሳ ጊዜ ቆጥረህ ትመልስልኛለህ?" አለችኝ። የሚገባኝ ነው።

ልመለስ ስል ግን ንዴቷ ራሱ ተናገረ። "ከእኔ የሚገዛ ይታመማል ይላሉ። ከእኔ ማን ነው የሚገዛ? የሚሰበርበት ነው። ማን ነው የሚሰበርበት? እንግዳ የሚያሳድር ነው! የአርሖ ሰው ከነጨው ግመሉ መጥቶ፣ የወሎ ሰው መጥቶ፣ ሌሊት በጨለማ ውኃ ሲፈልግ ገንቦውን ይረግጠዋል። በነጋታው ወደ እኔ ይመጣሉ። ሚስትህም እንደዚያው ነበረች።"

በሩን ዘጋች።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፱

የአርሖ ሰዎች፣ ከአፋር በረሓ ጨው ጭነው የሚመጡት፣ ሌላው መንገደኛም፣ በገበያ ዋዜማ በየቤታችን ያድራሉ። የሚያሳድሩትን ቤቶች አውቃቸዋለሁ፤ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ዐሥራ ሁለት ናቸው። ከዐሥራ ሁለቱ ተስቦ የገባባቸው ዘጠኝ። ከቀሩት ሃያ ስምንት ሰባት ብቻ።

ይህ ዐይን የሚወጋ ነው። በዚያ የአራት ቤት ልዩነት ነበር የምንጣላው፤ እዚህ ከአራት ቤት ሦስቱ ወድቋል፣ እዚያ ከአራት አንዱ። እንግዳ ከማያሳድሩት መካከል ደግሞ ሸክላ የገዛውም ያልገዛውም በተስቦው ብዙም አይለይም። የለተ ነገር እንደ ጉም በነነ።

በሬን ዘግቼ ሽምብራውን አወጣሁ። በዚህ ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት ፍሬ። ደጋግሜ፣ እጄ እስኪደነዝዝ። ዘጠኝ ጥቁር አንድም ጊዜ አልወጣም።

ለመደሰት ስነሣ ሁለት ነገር አስቀመጠኝ።

አንደኛው። ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት የታመሙትን ቤቶች ካወቅሁ በኋላ ነው። ዞር ዞር ብሎ የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር አያጣም። በራቸው ወደ ምሥራቅ የሚከፈተውን ብቆጥርስ? ውሻ ያላቸውን ብቆጥርስ? ከብዙ ጥያቄ አንዱ እንዲሁ በአጋጣሚ ይጮኻል። ስለዚህ ይመስለኛል እንጂ አውቃለሁ አልልም።

ሁለተኛው ብርኽቲ ናት። እንግዳ የምታስገባው እሷ ነበረች። "መንገደኛ የክርስቶስ ነው" ትል ነበር፣ የራሷን ቁርበት አንጥፋለት መሬት ትተኛ ነበር። የሞቷ በር ይህ ከሆነ ምን ልበል? በደግነቷ ሞተች ልበል? ቡዳ በላት ማለት ከዚህ ይሻል ነበር። ዛሬ ጸሎት አልሆነልኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፳

ለሰይድ ነገርኩት፤ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነውና። ሸክሙን አውርዶ ሰማኝ።

"ጋሼ፣ ባለ ሸክላዋን አውርደው እኔን ሊሰቅሉኝ ነው?"

"አንተን አላልኩም፤ ቤት ነው ያልኩት።"

"ሰው ቤት አይሰማም። እስላሙ፣ አፋሩ፣ መጤው አመጣው ብሎ ነው የሚሰማ። ያኔ በዚህ ብርድ የት እናድራለን? ገደል?" ከዚያ ሣቀ፣ ግን ሣቁ አጭር ነበር። "እርስዎም እኮ መጤ ነዎት። በትግርኛ ያለቅሱ እንጂ።"

እውነቱን ነው። ሲሄድ ግን አንድ ነገር አስታወሰኝ። በጣልያን ጊዜ ሐኪሙ ተስቦ በቅማል ነው ብሎ የነጋዴዎቹን ልብስ በፈላ ውኃ ያስቀቅልባቸው ነበር። እነሱ ይሰድቡት ነበር፤ ግን የታመመባቸው ጥቂት ነው።

ማታ ቀሺ ኪዳነ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ የማውቀውን እንደማውቀው፣ የምጠረጥረውን እንደምጠረጥረው። ስለ እንግዶቹ አንተ ዝም በል፣ ለእኔ ተወው አለኝ። ነገ ዓርብ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን ማርያም

ተፈጸመ። መልካም ይሁን ክፉ አላውቅም፣ ግን አለፈ።

ዳዕሮው ሥር ሰፈሩ ሞላ። ለተ ርቃ ቆማለች፤ ነጠላዋን አደግድጋለች። ባሻይ ሐጎስ ተነሥቶ "ዕጣው የወጣባት ታውቃለች። አያ ተክሌ ይናገር" አለ።

ቅሉን መካከል አስቀመጥኩ። "ይህ ሽምብራ ለተን አያውቃትም። ማንንም አያውቅም። ባሻይ፣ እጅዎን ይክተቱ፤ ሃያ ያውጡ" አልኩ።

አወጣ። ሰባት ጥቁር። "ይኸው!" ብሎ ጮኸ። "እኔ ሳወጣ ዐሥር አልሞላም! እንግዲያው የእሷ ዐሥር በምክንያት ነው!" ሰው አጨበጨበ። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ አወጣ። ዘጠኝ። "አልሞላም!" አሉ። ስድስት። "አልሞላም!" ለማኝ ሆንኩ። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እያልኩ። ከስድስት አንድ ማለት ሰው በሚያይበት ሰዓት ይመጣል ማለት አይደለም፤ ይህን እኔው አውቃለሁ።

አደይ ምጽላል ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ማንም አልጠራትም። ቅሉን ራሷ አናወጠች። ፍሬዎቹን በነጠላዋ ላይ አንድ በአንድ አወጣች፣ ጥቁሮቹን ለብቻ አደረገች። ቆጠረቻቸው። እንደገና ቆጠረቻቸው።

"ዐሥራ አንድ" አለች።

"ይህ ማንን በላ?" አለችኝ፣ ጥቁሮቹን በመዳፏ ይዛ።

"ማንንም አልበላም አደይ። እንዲሁ ነው የወጣው።"

"እንዲሁ?"

"እንዲሁ።"

አየችኝ። የቁጣ ዐይን ቢሆን እችለው ነበር። "እንግዲያስ ልጄን ማን በላት?" አለች።

ሽምብራዎቹን ቅሉ ውስጥ መልሳ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ስለ ለተ ግን ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከሳሿ እሷ ስለነበረች ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ዝም አሉ። የሚያጉረመርም አልጠፋም፤ ባሻይ "ሽምብራና ሰው አንድ አይደለም" አለ። በዚህስ አልተሳሳተም።

ቀሺ ኪዳነ ተነሣ። ነገሩ እስከ ልደት ይቆይ፣ እስከዚያ ለተን የነካ የነፍስ አባት አይኑረው አለ። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጎ፣ "በጾም እንግዳ መቀበል ዋጋው እጥፍ ነው። ልብሱን በፈላ ውኃ አጥባችሁ፣ ጠጉሩን አስላጭታችሁ አስገቡት፤ ንጽሕና ከጾሙ ጋር ይስማማል" አለ። ስለ ተስቦ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይጠቅም እንደሆነ ከልደት በፊት ይታያል፤ ምናልባትም አይታይም። አርባ ቤት ጥቂት ነው።

ለተ ሳታየኝ ወደ ቤቷ ሄደች። እስከ ልደት ቤት አላት። ከልደት በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ አንድ ሕፃን ደግሞ ቢሞት ዛሬ ዝም ያሉት አፎች ሁሉ ተመልሰው ይከፈታሉ።

ወደ ማታ ለጸሎት ቆምኩ። ብርኽቲ ከሞተች ወዲህ "ክፉ ካሰቡብኝ አድነኝ" ስል ሁልጊዜ አንድ የማላውቀው ፊት ይመጣብኝ ነበር፤ ካለፈው ሳምንት ሐሙስ ወዲህ ደግሞ ያ ፊት የለተ ስም ነበረው። ዛሬ እዚያ ቦታ ስደርስ ማንም አልመጣም። ጠበቅሁ። ማንም። የምረግመው ሳይኖር ለብርኽቲ ብቻ አለቀስኩ፤ ከቀብሯ ወዲህ እንዲህ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው። ቀልሎኝ ይሁን ባዶ ሆኜ፣ መለየት አልቻልኩም።